ላይ ላዩ ደን፣ ታች ታቹ ባዶ

ጥያቄ፦ ጎረቤታችን ፎቅ ቤት ከሠሩ ወዲህ ግቢያችን ከመጀመሪያው ፎቅ መስኮት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለመጋረጃ ብለን የዛሬ ዓመት ተኩል 2 ሜትር ከፍታ ባለው የቆርቆሮ አጥራችን ሥር ፓሽን ፍሩት ተከልን። አናቱ ላይ ደን ሆኗል፤ ከወገብ በታች ግን ባዶ ግንድ ነው። ከሥሩ ብንቆርጠው ያቆጠቁጣል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይቁረጡት። አሮጌ የፓሽን ግንድ እንደ ባሕር ዛፍ ጉቶ አያቆጠቁጥም፤ አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ይቀራል። ሐረግ ጫፉ ካልተቀጠፈ ብርሃን ፍለጋ ሽቅብ ይሮጣል፤ የታችኞቹ እምቡጦችም ይተኛሉ። ቆርቆሮ ደግሞ ልሙጥ ነው፤ የሚጨብጠው ስለሚያጣ አናት ላይ ይቆለላል።

መጀመሪያ ሽቦ ያስፈልግዎታል። ለሽቦው ቋሚ የሚሆን 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት አራት ማዕዘን ብረት) በየ2 ሜትሩ፣ ከቆርቆሮው 10 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ አድርገው 60 ሳንቲ ሜትር በኮንክሪት ይቅበሩ። ከመሬት በላይ 3 ሜትር ይድረስ። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፦ መስኮቱ ላይ የቆመ ሰው ዓይን 4.5 ሜትር ላይ፣ ቤቱም ከአጥርዎ 6 ሜትር ርቆ ከሆነ፣ የ2 ሜትር አጥር የተቀመጠን ሰው የሚጋርደው ከአጥሩ እስከ 2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ 3 ሜትር ሲሆን እስከ 7 ሜትር ይጋርዳል። ጎረቤት ሁለተኛ ፎቅ ከጨመሩ ግን አጥሩን ትተው መቀመጫው ላይ ዳስ ይሥሩ።

3 ሚሊ ሜትር ጋልቫናይዝድ ሽቦ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ይወጥሩ። የዳርና የዳር ቋሚዎችን በሰያፍ ብረት ይደግፉ፤ አለበለዚያ ክረምት ላይ ዝናብ የጠጣ ቅጠልና ንፋስ ተባብረው ያዘምሟቸዋል።

ከዚያ ከአናቱ ረጃጅም ለምለም ቀንበጦችን ቁልቁል መልሰው በጨርቅ ቁራጭ ከታችኞቹ ሽቦዎች ጋር ይሰሯቸው። በቀጭን ሽቦ አይሰሩ፤ ግንዱ ሲወፍር ይቆረጣል።

ፓሽን ከ4 ወይም 5 ዓመት በኋላ ስለሚደክም ተተኪውን ከአሁኑ ይትከሉ። የእኛ ምርጫ ጠምበለል ነው። ሰኔ ላይ፣ ከአጥሩ 50 ሳንቲ ሜትር ርቀው (ከመሠረቱ አጠገብ ያለው አፈር የሲሚንቶ ፍርስራሽ ይበዛበታል)፣ ጎኑም ጥልቀቱም 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ቆፍረው አፈሩን ከሲሶ ብስባሽ ጋር ይመልሱ። የመጀመሪያው ሽቦ ጋ ሲደርስ ጫፉን ይቅጠፉ፤ የሚወጡትን ሁለት ቀንበጦች ግራና ቀኝ በአግድም ይምሩ። ታችኛው ሽቦ ሳይሞላ ወደ ላይ አይልቀቁት። ጠምበለል እንደ ፓሽን ክር አውጥቶ አይጨብጥም፤ በእጅ እየጠመዘዙ በሽቦው መሐል ማሾለክ አለብዎ። በበጋ በሳምንት ሁለት ቀን ከ10 እስከ 15 ሊትር ውኃ ያጠጡት።

ወደ ጎረቤት አሸንዳ የሚሻገረውን ደግሞ በየወሩ ይግረዙ። ቅጠል የደፈነው አሸንዳ በመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ውኃውን ግድግዳቸው ላይ ይደፋዋል።