ሳትበይድ በፊት ጠመኔ ግዛ

ወንድሜ፣ «አንድ ሲሊንደር የቻይና ዲዝል ሞተር አለኝ፤ ከተፈታታ ቶዮታ የወጣ ካምቢዮና ዲፈረንሻልም አግኝቻለሁ። ለግማሽ ሄክታር የሽንኩርት መሬት የሚሆን ትንሽ ትራክተር ይወጣዋል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ግማሹ ሰው «በርታ ይቻላል»፣ ግማሹ «ገንዘብህን አትጨርስ» ብሎህ አለፈ። ሠርቶ ያየ ግን አላየሁባቸውም። እኔ ሠርቻለሁ። አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ዛሬ ጠዋትም ሲያርስ ነበር። እዚህ እስኪደርስ ግን አንድ ሙሉ ዲፈረንሻል በልቶብኛል። ያንተንም እንዳይበላ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

ብየዳ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። ሞተርህም እንደኔው ውሃ ሲስብ የኖረ ባለ 12 ፈረስ ጉልበቱ ኤስ195 ነው ብዬ ልነሳ። የዕቃ ዋጋ አትጠይቀኝ፤ ዛሬ የነገርኩህ ነገ አይሠራም። እኔ የጎደለኝን ከባህር ዳር ጋራዦች ለቃቀምኩ፣ የቀረውን አጎቴ ከአዲስ አበባ ከምናለሽ ተራ ላከልኝ።

1. ፍጥነቱን መጀመሪያ በወረቀት አስላው። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ይዞራል። ከትንሽ ፑሌጃ (ቺንጊያው፣ ማለት ቀበቶው፣ የሚዞርበት ክብ) እጥፍ ወደሚሆነው ብታሳልፈው 1000 ይሆናል። አንደኛ ማርሽ አራት እጥፍ ያህል ይቀንሰዋል፤ 250 ቀረ። የኔ ዲፈረንሻል ኮሮናው (በሽታውን አይደለም፣ ትልቁን ጥርሳም ክብ ማለቴ ነው) 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ (እሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርሳም) 10 ጥርስ አለው። አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ። ስለዚህ ጎማው በደቂቃ 61 ጊዜ ይዞራል። ከጫፍ ጫፍ 65 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጎማ አንዴ ሲዞር 2 ሜትር ከምናምን ይሄዳል። አባዛው፤ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። ይሄ እርሻ አይደለም፣ ሽርሽር ነው። በዚያ ላይ በዚህ ፍጥነት 12 ፈረስ ጉልበት የኛን ዋልካ፣ ያንን የሚጣበቅ ጥቁር አፈር፣ አይገፋውም።

መላው ሁለተኛ ካምቢዮ ነው። ከመጀመሪያው ኋላ ትቀጥለዋለህ። የኋለኛውን ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባው ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ይወርድልሃል። ሁለቱንም አንደኛ አስገብተህ በግድ አትግፋው፣ የጎማውን አክስል ይጠመዝዘዋል። ቺንጊያው ቢንሸራተትብህም አትናደድበት። እሱ ነው ሌላውን ዕቃ የሚያድንልህ።

2. የመዞሪያ አቅጣጫ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ።

እኔ ሻንሲውን ከሁለት ዩ ብረት በየድኩ። ትራክተሩ እንዲያጥርልኝ ብዬ ሞተሩን ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባዱ ክብ ብረት) ወደ ፊት እንዲያይ አድርጌ አሰርኩት። ቺንጊያው ከፊት ሆነ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ወደ ካምቢዮው በሞተሩ ጎን ረዘም ያለ ዘንግ በሁለት ኩሺኔታ (ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ቀለበት) አሳለፍኩ። ሲያዩት ያምራል። ብየዳው እንደ ስፌት የተስተካከለ ነበር። ያኔ ካምቢዮው አንድ ብቻ ነው።

የሙከራው ቀን ሰፈሩ ተሰበሰበ። እናቴ ቡና አፍልታለች። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። አንደኛ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ ትራክተሩ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ የዶሮውን ቤት ይዞት ሄደ። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ወደ ኋላ። ሦስተኛ፣ ወደ ኋላ። የኋላ ማርሽ ሳስገባ ወደ ፊት ሄደልኝ! አምስት የኋላና አንድ የፊት ማርሽ ያለው ትራክተር ሠርቼ ቁጭ አልኩ። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ሲኒያቸውን እንደያዙ «ልጄ፣ ይሄ የሚያርሰው ያምናውን ነው እንዴ?» አሉ። እስከ ዛሬ ድረስ ሲያገኙኝ ይደግሙታል።

ነገሩ ቀላል ነበር። የዚህ ዓይነት ሞተር ቮላኖው በኩል ቆመህ ስታየው በግራ በኩል ነው የሚዞረው። የመኪና ካምቢዮ ደግሞ ከፊቱ ቆመህ ስታየው በቀኝ እንዲዞር ይፈልጋል። ሞተሩን አዙሬ ቮላኖው ወደ ኋላ እንዲያይ ባደርገው ያልቅ ነበር። ግን ሻንሲ መቁረጥ ሊመጣ ነው፣ ሁለት ቀን ብየዳ ሊሆን ነው። ያንን የመሰለ ብየዳዬን መቁረጥ አንጀቴ አልችል አለ።

አንድ መካኒክ «ምን ያስጨንቅሃል ጌታው፣ ዲፈረንሻሉን ገልብጠህ እሰረው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሲገለበጥ ጎማው የሚዞርበት አቅጣጫ ይቀየራል። በግማሽ ቀን ገልብጬ አሰርኩት። ወደ ፊት ሄደ። ሰፈሩ አጨበጨበ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

መካኒኩ ያልነገረኝን ልንገርህ። በእነዚህ መኪኖች ዲፈረንሻል ፒኞኑ ከኮሮናው መሀል ዝቅ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ዘይት ውስጥ ተነክሮ እንዲሠራ። ስትገለብጠው ከፍ ይልና ዘይቱ በቅጡ አይደርሰውም። ላይ የነበረው የአየር ማስተንፈሻም ታች ይሆናል። እኔ ጋ በበነጋታው ጠዋት ከማስተንፈሻው ሥር ዘይት ኩሬ ሠርቶ አገኘሁት። ምን አደረግሁ? በእንጨት ወተፍኩት። ሲሞቅ ውስጡ ታምቆ ዘይቱን በፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ በሚይዘው ጎማ) በኩል ወደ ፍሬኑ ገፋው። አሁን ደግሞ ፍሬን የለኝም።

ባረስኩ በዘጠነኛው ቀን የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። አቁሜ ዲፈረንሻሉ ላይ እንትፍ ብልበት ጭስ አለ። ስከፍተው የፒኞኑ የፊት ኩሺኔታ እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኗል። የቀረው ዘይት ብር የተፈጨበት ይመስል ያብለጨልጫል። የፒኞኑ ጥርስ ሁለቱ የሉም። ለሁለት ቀን ብየዳ ሳስቼ ዲፈረንሻሉን ቀበርኩት።

ሌላ ዲፈረንሻል ገዛሁ። ሻንሲውን ቆረጥኩ፣ ሞተሩን አዞርኩ፣ በዚያው ሁለተኛውን ካምቢዮ ጨመርኩ። ረዘመ፣ ውበቱም ቀነሰ። ግን ይሠራል።

አንተ እንደዚህ አድርግ። ምንም ነገር ሳትበይድ ጠመኔ ያዝ። የሞተሩን ማስነሻ እጀታ ትንሽ አዙርና ቮላኖው ወዴት እንደሚሄድ አይተህ ቀስት ሣልበት። ዲፈረንሻሉን ከነካምቢዮው ድንጋይ ላይ ስቀለውና አንደኛ አስገባ። ከዚያ የካምቢዮውን ዘንግ በእጅህ አዙር። ጎማዎቹ ወደ ፊት የሚሄዱበትን አቅጣጫ ፑሌጃው ላይ ቀስት ሣል። ሁለቱን ቀስቶች ከአንድ በኩል ቆመህ ተመልከታቸው። ወደ አንድ ወገን መዞር አለባቸው፤ ቺንጊያ አቅጣጫ አይቀይርም። አንድ ብር የማያወጣ ሥራ ነው።

«ሁለት ካምቢዮ ካለህ የፊተኛውን በኋላ ማርሽ አስገብተህ ተወው» የሚሉህ ይመጣሉ። በስሌት ልክ ናቸው። የኋላ ማርሽ ግን ቀኑን ሙሉ እንዲጎትት አልተሠራም፤ ጩኸቱም ያሳብድሃል።

3. ማረሻው። የአይሱዙ ባሌስትራ (መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት) ቆርጠህ አንጥረኛ ዘንድ አሹለው፣ ከዚያ በቡሎን እሰረው። በብየዳ ካያያዝከው ከብየዳው አጠገብ እንደ ሸክላ ይሰበራል። መጎተቻውን ደግሞ ከኋላ ጎማው መሀል ዝቅ አድርገህ እሰር። ከፍ ካደረግከው ማረሻው ሥር ሲይዝ ትራክተሩ ፊቱን ያነሳና በላይህ ላይ ይገለበጣል። በዚህ ቀልድ የለም። የኔ አንድ ጊዜ የፊት ጎማው ጉልበቴ ድረስ ተነስቷል፤ ያን ቀን ከዚያ በኋላ አላረስኩም። የኋላ ጎማዎቹን ሦስት አራተኛ ውሃ ሞልቻቸዋለሁ፤ ለመቆንጠጥ ረድቶኛል።

4. ነዳጅ። ትራክተሩ ካለቀ በኋላ መከራው የጀመረው እዚህ ነው። እኛ ጋ በጀሪካን ናፍጣ ያለ ደብዳቤ አይቀዳም። ደብዳቤ ለማጻፍ አንድ ቢሮ ሄድኩ፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ሰውዬው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፦

«ሰሌዳ ቁጥር?»
«የለውም።»
«ሻንሲ ቁጥር?»
«ሻንሲውን የበየድኩት እኔ ነኝ።»
«ቁጥር ከሌለው ዕቃው የለም ማለት ነው።»

ውጭ በረንዳው ሥር የቆመውን በመስኮት አሳየሁት። ሞተሩን እንኳ አላጠፋሁትም ነበር፣ ዱቅ ዱቅ ሲል ይሰማል። «ነገ ና» አለኝ። ሦስት ጊዜ ነገ መጣሁ። በሦስተኛው «በሬ ናፍጣ አይጠጣም፣ በበሬ እረስ» ብሎኝ ሳቀ። ስወጣ ከጎኑ የተቀመጡ አንዲት እናት ጠሩኝና «ልጄ፣ ይሄ ሞተር ውሃ ይስባል?» አሉ። ይስባል እትዬ፣ ቺንጊያውን ፈትቼ ፓምፑ ላይ ሳስረው በጋውን ሙሉ ይስባል አልኳቸው። «ታዲያ ትራክተር ትራክተር ምን አስባለህ? የውሃ ሞተር ብለህ ጻፍ» አሉኝ። በዚያው ቀን ማኅተም ተመታልኝ። ሲያልቅብኝም የማሳድሰው በዚያው ስም ነው። ስለዚህ ፓምፕህን እንዳትሸጠው፤ ሊያዩ ቢመጡ ውሃ ሲስብ ይዩት።

መሪውንና ፍሬኑን ስትደርስ ጠይቀኝ፣ እሱ ሌላ ታሪክ አለው። ለአሁኑ የቮላኖውንና የካምቢዮውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ቀስቶቹ ይታዩ።