ለልጆቼ ምን ብዬ ልለያቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ዕድሜዬ 63። ካንሰሩ ጉበቴ ደርሷል፣ ሐኪሞቹ አልደበቁኝም። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሴቷ ቤይሩት ናት ወንዱ እኔው ጋ ነው፣ በብር ጉዳይ ተኳርፈው ከተነጋገሩ ቆዩ። ስለ ሃይማኖታቸው ስለ ቤቱ ላወራ ስጀምር ልጄ "እማ ሟርት ተይ፣ ትድኛለሽ" ብሎኝ ተነስቶ ይወጣል። ሌሊት ሌሊት ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ገጹ ይሞላል ዋናውን ያልኩት ግን አይመስለኝም። ምን ልበላቸው?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልዎ። ልጅዎ ሟርት የሚለው ፈርቶ ነውና አይቀየሙት፣ ግን እሱ ፈራ ብለው እርስዎ ዝም እንዳይሉ። ያዕቆብ እኮ ታሞ ተኝቶ ዮሴፍ ልጆቹን ይዞ መጣ ሲሉት እንደምንም ተበራትቶ አልጋው ላይ ተቀመጠና እጁን ጭኖ ባረካቸው፣ ይሄ ሟርት አይደለም።

ደብተሩ ደግሞ አያስጨንቅዎት። ጌታችን ራሱ በዚያች የመጨረሻ ማታ ደቀ መዛሙርቱን "የምነግራችሁ ገና ብዙ አለኝ፥ ነገር ግን አሁን ልትሸከሙት አትችሉም" ነው ያላቸው (ዮሐንስ 16፥12)፣ የቀረውን መንፈስ ቅዱስ ይነግራችኋል ብሎ ተወው። አጥብቆ ያዘዛቸው ግን እርስ በርሳችሁ ተዋደዱ የሚለውን ነው፣ እሱንም ያለው እግራቸውን ዝቅ ብሎ ካጠበ በኋላ ነው፣ ከዛ እነሱ እየሰሙት ስለ እነሱ ጸለየ።

ስለዚህ እኔ እንደማየው የእርስዎ ዋና ነገር የልጆቹ ኩርፊያ ነው። ወንዱ ማታ ከሥራ ሲገባ አጠገብዎ ያስቀምጡትና ለእህቱ በኢሞ ይደውሉላት፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው መሀላችሁ አልጋው ላይ ያስቀምጡት። የብሩን ነገር ማን ወሰደ ማን ከለከለ ብለው እንዳይዳኙ፣ እዛ ከገቡ ማታው በክርክር ያልቃል። መጀመሪያ እርስዎ "ያስቀየምኳችሁ ካለ ይቅር በሉኝ" ይበሏቸው፣ እናት እንደዛ ስትል የሚጨክን ልጅ ብዙ የለም። ከዛ በክርስትና ስማቸው እየጠሩ አንድ በአንድ ይመርቋቸው፣ ጮክ ብለው፣ እሷም ቤይሩት ሆና አሜን እንድትል። እሺ ባይሉ እንኳን ምርቃቱን አይተዉት።

ቤቱን ግን በቃል እንዳይተዉት፣ ሌላ ጠብ ይሆናል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜ ለቀብርና ለመሳሰለው ትንሽ ነገር እንጂ ለቤት አይሆንም፣ ተናዛዡ ከ3 ወር በኋላም በሕይወት ካለ ይፈርሳል። በጽሑፍ ይሁን፣ 4 ምስክር ባለበት ተነቦ እርስዎም ምስክሮቹም ትፈርሙበታላችሁ፣ ልጆቹ ግን ምስክር አይሁኑ።

ለንስሐ አባትዎም ይደውሉና ቤት ይምጡ፣ ስለ ቁርባኑም ስለ ቀንዲሉም፣ ማለትም ለሕሙማን ስለሚደረገው የዘይት ቅባት ጸሎት፣ አቅም እያለዎት ያነጋግሯቸው። ልጅዎ በዛ ሰዓት ቤት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ እርስዎ የሚጸልዩትን አጠገብዎ ቆሞ ይስማው።