ሳሬክን ብቻን ሆኖ ስለማቋረጥ፦ ስለ ወንዞቹና ስለ መጠባበቂያ ቀናት

ውድ ጠያቂ፣ ባለፉት ሁለት በጋዎች «የንጉሡ መንገድ» በሚባለው በሰሜን ስዊድኑ ኩንግስሌደን ከጎጆ ወደ ጎጆ እያደሩ እንደተጓዙ፣ በመጪው ኦገስት መጨረሻ ደግሞ የሳሬክን ብሔራዊ ፓርክ በዘጠኝ ቀን ብቻዎን ለማቋረጥ እንዳሰቡ ጽፈዋል። ከድብ፣ ከብርድና ከመንገድ መጥፋት ይበልጥ የሚያሰጋው የትኛው እንደሆነ፣ ብቻን መሄዱስ ዕብደት እንደሆነ እንዳልሆነ ጠይቀዋል። እኔ ሳሬክን አንድ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ ብቻዬን አቋርጫለሁ። ዕብደት ነው አልልም። ይሁን እንጂ ከጠቀሷቸው ከሦስቱ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ በጥያቄዎ ውስጥ ያልተነሣው ወንዝ ነው፤ ወንዙን አደገኛ የሚያደርገው ደግሞ በአብዛኛው የተጓዡ ጥድፊያ ነው። ስለዚህ ከዕቅድዎ ውስጥ በመጀመሪያ እንዲለወጥ የምመክረው «ዘጠኝ ቀን» የሚለው ቁጥር ነው።

ሳሬክ እ.ኤ.አ. በ1909 የተከለለ፣ ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን የሚገኝ፣ ወደ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ተራራማ ምድር ነው፤ ከ1996 ጀምሮም ላፖኒያ በሚል ስም በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሰፊ አካባቢ አካል ነው። በኩንግስሌደን ላይ የለመዷቸው ነገሮች፣ ማለትም በድንጋይ ላይ የተቀባው ምልክት፣ በረግረጉ ላይ የተነጠፈው ሳንቃ፣ ማታ ደርሰው ልብስዎን የሚያደርቁበት ጎጆ፣ እዚህ የሉም። ድልድዮቹም በጣም ጥቂት ናቸው። እግር የፈጠራቸው ቀጫጭን መንገዶች አሉ፤ ነገር ግን ረግረግ ወይም የአኻያ ቁጥቋጦ ሲደርሱ ድንገት ይጠፋሉ። በአብዛኛው ቦታ የስልክ መስመር የለም፤ በፓርኩ መሐል ስካርያ በተባለው ስፍራ የአደጋ ጊዜ ስልክ አለ፤ እዚያ ለመድረስ ግን ከብዙ ቦታ የአንድ ወይም የሁለት ቀን መንገድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ወንዞቹ ልመለስ። የሳሬክ ወንዞች ብዙዎቹ ከበረዶ ግግር ሥር የሚወጡ ናቸው። ቀን ፀሐይ ያቀለጠችው በረዶ ወደ ሸለቆው የሚደርሰው ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ስለሆነ፣ ወንዙ አመሻሽ ላይ ይሞላል፤ ሌሊት ቅዝቃዜው መቅለጡን ሲገታው ደግሞ ንጋት ላይ ይጎድላል። ማታ ጭንዎን የሚመታ ውኃ ጠዋት ከጉልበትዎ በታች ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ይህ ልማድ የሚፈርሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነው፤ ያን ጊዜ ጠዋቱም ሙላት ስለሚሆን፣ ዝናቡ አቁሞ ውኃው እስኪቀንስ ድረስ ድንኳን ውስጥ ከመቀመጥ ሌላ መላ የለም። የግግር ውኃ እንደ ወተት ነጭ ስለሆነ ታቹ አይታይም፤ ጥልቀቱን የሚነግርዎ ምርኩዝዎ ብቻ ነው።

የመሻገሪያ ቦታ ሲመርጡ ጠባቡን ስፍራ ይተዉት። ዓይን የሚወደው ጠባቡን ነው፤ ነገር ግን ውኃ በጠበበበት ይጠልቃል፣ ይፈጥናልም። መልካው ያለው ወንዙ ሰፍቶ በጠጠር ላይ በብዙ ቅርንጫፍ በሚፈስበት ቦታ ነው፤ እሱን ለማግኘት አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ መሄድ ካስፈለገ ይሂዱ። ከመግባትዎ በፊት ወደ ታች ተመልክተው «ብወድቅ ውኃው የት ያደርሰኛል?» ብለው ይጠይቁ፤ ከታች ገደል ወይም ትልልቅ ድንጋይ ካለ ያንን ቦታ ይለፉት። የቦርሳዎን የወገብና የደረት መታጠቂያ ይፍቱ፤ ከወደቁ ከቦርሳው መላቀቅ መቻል አለብዎት። ጫማዎን አድርገው፣ ፊትዎን ወደ ውኃው መምጫ አዙረው፣ በሁለት ምርኩዝ ተደግፈው፣ ከአራቱ እግሮችዎ (ምርኩዞቹን ጨምሬ ነው) በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ እያነሡ በጎን ይሻገሩ። ውኃው ፈጣን ሆኖ ከጉልበት ካለፈ ይመለሱ። ጆሮዎንም ይጠቀሙ፦ ከወንዙ ወለል ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ድው ድው የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ውኃው ድንጋይ እያንከባለለ ነውና ፈጽሞ አይግቡ። ራፓዳለን የተባለውን የሳሬክን ትልቅ ሸለቆ ዋና ወንዝ ደግሞ በሸለቆው የታችኛው ክፍል በእግር እሻገራለሁ ብለው አያስቡ፤ በየትኛው ወገን እንደሚወርዱ ከላይ ስካርያ ላይ ሳሉ ይወስኑ።

ይህን ሁሉ በመጀመሪያው የብቻ ጉዞዬም አውቀው ነበር። በስድስተኛው ቀን ከራፓዳለን ጎን ከሚወርዱት የግግር ወንዞች አንዱ ዘንድ የደረስሁት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የምሳፈርበት የባቡር ትኬት በኪሴ ነበር፤ ዕቅዴም አንዲት ትርፍ ቀን አልነበረችውም። ውኃው ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ይል ነበር፣ ድንጋዩ ሲንከባለልም ይሰማኝ ነበር፤ ቢሆንም ገባሁ። ከመሐል ስደርስ የግራ ምርኩዜ ሁለት ድንጋዮች መካከል ተቀረቀረ፤ ልነቅለው ጎንበስ ስል ውኃው ቦርሳዬን ከጎን ገፍቶ ጣለኝ። ጥቂት ሜትሮች ጎትቶ የጠጠር ደለል ላይ ያወጣኝ በመጣሁበት ወገን ነበር። ምርኩዙ ሄደ፤ ስልኬም ከዚያ ወዲያ አልሠራም። ጣቶቼ ስለ ደነዘዙ የድንኳኑን ከረጢት ማሰሪያ የፈታሁት በጥርሴ ነው። ያዳነኝ የመኝታ ከረጢቴና አንድ ቅያሪ የውስጥ ልብሴ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ታስረው ደረቅ መቆየታቸው ነው። በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ስነሣ፣ ማታ የረገጥሁት ዝርግ ድንጋይ ከውኃው በላይ ደርቆ ይታይ ነበር፤ ወንዙን እስከ ባቴ ብቻ ርሼ ተሻገርሁ። ባቡሩም አመለጠኝ፤ ማታ ሳልገባ ጠዋቱን ብጠብቅም ኖሮ የሚፈጅብኝ ያንኑ ያህል ሰዓት ስለነበር፣ በመጣደፌ ያተረፍሁት ነገር የለም።

ከጓደኛዬ ጋር በሄድሁበት ጊዜ ይህን የመሰለ ወንዝ ገጥሞን፣ እሱ «እዚህ እንደር» አለ፤ እኔም ያለ ክርክር ድንኳኔን ተከልሁ። ብቻዎን ሲሆኑ ይህን የሚልዎ የለም። ሲደክሙ፣ ሲርብዎና ሲበርድዎ ፍርድዎም አብሮ ይደክማል፤ ስለዚህ ውሳኔውን ገና ሳይደክሙ፣ ቤት ሳሉ ማድረግ ይሻላል። እኔ አሁን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ወደ ግግር ወንዝ አልገባም፤ ወንዙ ዳር ሆኜ የምከራከርበት ጉዳይ ስላልሆነ አእምሮዬም ዐርፏል።

ይህ እንዲሆን ትርፍ ቀን መኖር አለበት። ዘጠኝ ቀን ለመሄድ ካሰቡ ለዐሥራ ሁለት ቀን ይሰንቁ፤ የመመለሻ ትኬትዎንም ሊቀየር የሚችል ያድርጉት ወይም ከወጡ በኋላ ይቁረጡ። እኔ በቀን 700 ግራም ያህል ደረቅ ስንቅ ስለምይዝ፣ ሦስቱ ቀን ሁለት ኪሎ ገደማ ይጨምርብኛል፤ የሚሞቅ ነገር በየሰዓቱ ስለሚያስፈልግ ለምድጃው የሚሆነውን ጋዝም በዚያው ልክ ማስላት አይዘንጉ። (የጋዝ ጣሳ አውሮፕላን ላይ ስለማይፈቀድ ከደረሱ በኋላ ይግዙ።) በቀን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ማቀድ ይበቃል። በራፓዳለን ቁጥቋጦ ውስጥ በአንድ ሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄድሁበት ቀን አለ። ባስታቫጌ በተባለው ሸለቆ ደግሞ ጭጋግ ወርዶ እጄን ዘርግቼ ከምርኩዜ ጫፍ በላይ ማየት ስላልቻልሁ ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ሙሉ ሳልነቃነቅ ተቀምጫለሁ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው የወጨፎውን ድምፅና ሻይ እያፈላሁ በካርታው ላይ ከፍታን የሚያሳዩትን የኮንቱር መስመሮች ማጥናቴን ነው፤ ስንቅ ስለነበረኝ ጭንቀት አልነበረብኝም።

ብርድን በተመለከተ፣ የሚያሰጋው ውርጩ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። አምስት ዲግሪ ላይ የሚጥል ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲሆን፣ ከዜሮ በታች ካለ ደረቅ ብርድ ይልቅ ሰውነትን ፈጥኖ ያቀዘቅዛል። የሰውነት ሙቀት ወደ 35 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ መጀመሪያ መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎ የእጅ መደንዘዝ፣ መደናቀፍና የአንደበት መጎተት ይመጣል። ብቻውን ያለ ሰው አንደበቱ መጎተቱን አይሰማምና፣ ዚፕ መዝጋት ሲያቅትዎ ወዲያው ቆመው ድንኳን ይትከሉ። አንድ ልብስ ለመኝታ ብቻ ይመደብ፤ ጠዋት የቱንም ያህል ቢያንገሸግሽዎ እርጥቡን መልሰው ይልበሱ እንጂ ደረቁን አይንኩት። ጥጥ የሆነ ነገር ይዘው አይሂዱ። በኦገስት መጨረሻ የእኩለ ሌሊት ፀሐይ ካለፈች ስለቆየች ሌሊቱ በደንብ ይጨልማል፤ የግንባር ባትሪ ያስፈልግዎታል። በረዶም ሊጥል ይችላል። በአንጻሩ ትንኙ በዚያን ጊዜ ቀንሶ ይጠብቅዎታል፤ በጁላይ የሄደ ሰው ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ ይረዳል።

ድብ በሳሬክ አለ፤ ከሰው ግን ይሸሻል። ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገቡ ድምፅ እያሰሙ ይሂዱ፤ ከዚያ ያለፈ ጭንቀት አያስፈልግም። ይህ ምክር ለሌላው የአርክቲክ ምድር እንደማይሠራ ግን ልብ ይበሉ፦ ስቫልባርድ በተባሉት የኖርዌይ ደሴቶች ከመንደር ውጭ የሚንቀሳቀስ ሰው የዋልታ ድብ ማባረሪያ መያዝ አለበት፣ ጠመንጃም ይመከራል፤ አላስካ ውስጥ መንገድም ዱካም በሌለው «ጌትስ ኦፍ ዘ አርክቲክ» ፓርክ ደግሞ ስንቅ የሚቀመጠው ድብ ሊከፍተው በማይችል መያዣ ነው።

መንገድ እንዳይጠፋብዎ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ይያዙ፤ ስልክ ላይ ያለው ካርታ ረዳት ይሁን። በካርታው ላይ ያሉት ስሞች የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳሚዎች ቋንቋ ናቸውና ጥቂቱን ቢማሩ ካርታው ራሱ ይናገራል፦ «ቫጌ» ሸለቆ፣ «ዮካ» ወንዝ፣ «ያቭሬ» ሐይቅ፣ «ቾካ» የተራራ ጫፍ ነው። እነዚህ ሸለቆዎች እስከ ዛሬ ሳሚዎች ሬንዲር የተባለውን የሰሜን አጋዘን የሚያሰማሩባቸው ናቸው። መንጋ ከፊትዎ ከመጣ ቁጭ ብለው ያሳልፉት። አንድ ጠዋት ሩኦቴስቫጌ ላይ መቶ የሚሆኑት በአጠገቤ ሲያልፉ፣ ሲራመዱ ከቁርጭምጭሚታቸው የሚወጣውን ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ሁሉ ጉዞ አሁን ድረስ በጆሮዬ ያለው ይህ ነው።

የሳተላይት መልእክት መላኪያ ይውሰዱ፤ ከተቻለ መላክም መቀበልም የሚችለውን። በዋልታዎች ላይ እየዞሩ የሚያልፉ ሳተላይቶችን የሚጠቀመው ዓይነት እዚያ በደንብ ይሠራል፤ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ግን መልእክቱ እስኪወጣ ሊዘገይ ይችላል። ሌሊት ባትሪዎቹን የመኝታ ከረጢትዎ ውስጥ ያሳድሯቸው። መሣሪያው አለኝ ብለው ግን ያለ እሱ የማይገቡበት ወንዝ ውስጥ አይግቡ። በስዊድን የተራራ ነፍስ አድን ሥራ የሚመራው በፖሊስ ሲሆን ጥሪው በ112 ነው፤ ሄሊኮፕተር ግን በጭጋግና በማዕበል አይበርም። ቁርጭምጭሚትዎ ወለም ቢል ሁለት ቀን ባሉበት ሞቀው መቆየት እንዲችሉ ሆነው መሄድ አለብዎት። ቤት ለሚቀር አንድ ታማኝ ሰው መንገድዎን በካርታ ላይ አስምረው ይስጡት፤ ለነፍስ አድን የሚደውልበትን ቀንና ሰዓት ከመጠባበቂያው ቀናት በኋላ አድርገው በጽሑፍ ይስማሙ። አለዚያ ሰውዬው እንዳይጨነቅ ብለው ወንዝ ዳር መጣደፍ ይጀምራሉ።

በመጨረሻም፣ መውጫዎ አክትሴ በተባለው ስፍራ በኩል ወደ ደቡብ ከሆነ ላይታውሬ ሐይቅን ማቋረጥ ይኖርብዎታል፤ የሚቀዘፈው ርቀት ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱም ዳርቻ የሚቀዘፉ ጀልባዎች አሉ፤ ደንቡ በየዳርቻው ቢያንስ አንድ ጀልባ ሁልጊዜ እንዲኖር ነው። በእርስዎ ወገን አንድ ብቻ ካገኙ ቀዝፈው ይሻገሩና ከዚያ ሁለተኛውን ጎትተው ይመለሱ፤ እሱን ትተው በመጀመሪያው እንደገና ይሻገራሉ፤ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ መቅዘፍ ነው። ከዘጠኝ ቀን ጉዞ በኋላ ነፋስ ካለ ይህ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ በበጋው ወቅት በክፍያ የሚያሻግር የሞተር ጀልባ ቢኖርም ሰዓቱ የተወሰነ ነው። ያንን ግማሽ ቀን ከአሁኑ ዕቅድዎ ውስጥ ያስገቡት።