ጋዙን ከመልቀቃችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) የሚገጥም አንድ ወጣት ባለሙያ ኮምቦልቻ ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሆኖ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የቱቦውን አየር አንድ ሰዓት ሙሉ በፓምፕ ስቤ ጌጁ ከ24 አላልፍ አለ፤ ፓምፑ ሳይበላሽ አይቀርም» አለኝ። ፓምፑ ጤነኛ ነበር። ጌጁ የሚለካው በቱቦው ውስጥና በውጪው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ዳርቻ አየሩ ሁሉ ሲወጣ ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ይጠጋል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 24 አካባቢ ይቆማል። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ደግሞ አየሩ ይበልጥ ስለሚሳሳ 22 ላይ ያበቃል። 30ን የሚጠብቅ ሰው ደሴ ላይ ዕድሜ ልኩን ይጠብቃል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነበር። «ከፓምፑ በፊት ናይትሮጅን ሞልተህ ፈትነሃል?» ስለው ዝም አለ።

ፓምፕ ቱቦውን የሚፈትነው በአንድ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) በማይሞላ ኃይል ነው፤ ያውም ከውጪ ወደ ውስጥ። አር-410ኤ ወይም አር-32 የሚባለውን የማቀዝቀዣ ጋዝ የያዘ ማሽን ግን በሞቃት ቀን ከ25 ባር በላይ ከውስጥ ወደ ውጪ ይገፋል። በፓምፕ ሲሳብ ጸጥ ያለ መጋጠሚያ በጋዝ ሲሞላ ሊያፈስ ይችላል። ይህን የተማርኩት ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ሆቴል ውስጥ ነው። ባለቤቱ ለሠርግ እንግዶች ቸኩሎ ነበር፣ እኔም ተቻኮልሁለት። በሦስተኛው ወር ጋዙ አልቆ ተጠራሁ። ለእርሱ የገንዘብ ጉዳት ነው። ለሁላችንም ግን አንድ ኪሎ አር-410ኤ አየር ላይ ሲለቀቅ ምድርን የሚያሞቀው ከሁለት ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ ነው። ይህ ዛሬም ያሳዝነኛል።

አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረው ከቱቦው አፍ ነው። የመዳብ ቱቦ በመጋዝ አይቆረጥም፤ በቱቦ መቁረጫ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። አፉን ወደ መሬት ደፍታችሁ የውስጡን ሹል ጠርዝ ጥረጉ፤ ወደ ውስጥ የገባ ብናኝ መጨረሻው ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ነው። ከዚያ ዳዶውን አስገቡ፣ አፉን አስፉ። የሰፋው አፍ ከተሰነጠቀ ወይም ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ሳታመነቱ ቆርጣችሁ እንደገና ጀምሩ። ስታጠብቁ በሁለት መፍቻ ሥሩ፤ አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ይዙር። ለሩብ ኢንች ቱቦ ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ጉልበታችሁን የምትጨምሩበት ከሆነ መዳቡ ይሳሳና ከጊዜ በኋላ በንዝረት ይሰነጠቃል።

አሁን የምለውን በተለይ ስሙኝ። ናይትሮጅን ባጣችሁ ቀን ጎረቤት ካለው ብየዳ ቤት ኦክስጅን መዋስ ይቀላል። አታድርጉት! ኦክስጅን በግፊት ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ሰውም ይገድላል። ያስተማረኝ ሰው ናይትሮጅን እስኪመጣ ሥራ አቁሞ ይቀመጥ ነበር እንጂ ኦክስጅን ወደ ማሽን አያስጠጋም ነበር። ናይትሮጅንም ቢሆን ያለ ሬጉሌተር፣ ማለትም ያለ ግፊት መቀነሻ አይከፈትም፤ ሙሉ ሲሊንደር ከ100 ባር በላይ ይይዛል።

ጋዙን የያዘውን የውጪውን ማሽን ቫልቮች እንደተዘጉ ትታችሁ ናይትሮጅኑን መጀመሪያ 5 ባር፣ ቀጥሎ 15 ባር ሙሉና ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ አምራቹ ለመፈተኛ እስከ ፈቀደው ድረስ ውጡ፤ ለእነዚህ ጋዞች ብዙ ጊዜ 40 ባር ገደማ ነው። መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀቡ። የሚያፈስ ካገኛችሁ ግፊቱን ሳታወጡ ዳዶ አትንኩ። ግፊቱንና የአየሩን ሙቀት ጽፋችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። በ28 ዲግሪ 40 ባር የነበረው ጠዋት በ16 ዲግሪ 38.4 ገደማ ቢሆን ብርዱ ነው፤ ከዚያ ከወረደ ግን ያፈስሳል።

ለዚያ ልጅ ናይትሮጅን እንዲሞላና እንዲያሳድር ነገርሁት። ደንበኛው በዚያው ቀን ካልተጨረሰ ብሎ ተቆጥቶ ነበር፤ ልጁ ግን ጸና። ጠዋት 36 ባር አገኘ። ፍሳሹ ቤት ውስጥ ከተሰቀለው የማሽኑ አካል ጀርባ፣ ዓይን በማያይበት መጋጠሚያ ላይ ነበር። ቆርጦ እንደገና ሠራው፣ አንድ ሌሊትም ጨምሮ አሳደረው፣ ግፊቱም ጸና።

ከዚያ በፓምፕ ሲሳብ ቱቦው ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ግፊት የሚያሳየውን የእኔን የማይክሮን መለኪያ ላክሁለት። ይህ መለኪያ የውጪውን አየር ስለማይቆጥር 500 ማይክሮን ደሴም ጅቡቲም ያው 500 ነው። ፓምፑ ጠፍቶ ቁጥሩ ከ500 በታች ቢጸና ደህና ነው፤ ከዚያ አልፎ ወጥቶ ቢቆም ቱቦው ውስጥ እርጥበት አለ ማለት ነው፤ ያለማቋረጥ ከወጣ ግን ቀዳዳ ፈልጉ። ከሰዓት በኋላ ደወለ። «ፓምፑን ካጠፋሁ ግማሽ ሰዓት ሆነ፤ 420 ላይ ቆሟል» አለኝ። «በል ቫልቡን ክፈት» አልሁት።