ዋሽንግተን በድራፍት ለምን ይሳሳታል? ለደጋፊዎች ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ብዙ ነን። ከእነዚህ መካከል በእግር ኳስ አድገን እዚህ ከመጣን በኋላ በሥራ ባልደረቦቻችን ወይም በልጆቻችን በኩል የአሜሪካን ፉትቦል የለመድን ጥቂት አይደለንም። እኔ የዋሽንግተንን ቡድን (ዛሬ ኮማንደርስ የሚባለውን) መከተል የጀመርኩት ለመጨረሻ ጊዜ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ በወሰደበት በ1991 የውድድር ዘመን ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ድራፍቱን ተቀምጬ እመለከታለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም ተናድጄ እነሣለሁ። በዚህ ጉዳይ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የምችለውን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ የማውቀው የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ ነው፤ እዚያ ገንዘብ ያለው ይገዛል። ድራፍት የሚባለው ምንድን ነው? ደጋፊንስ ለምን ይህን ያህል ያናድዳል?

አዲስ አበባ ላይ ድራፍት ሲባል ቢራው ስለሚታሰብ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ድራፍት ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣት ተጫዋቾች ለ32ቱ ቡድኖች የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ሲሆን፣ ከ1936 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው። በዛሬው አሠራር ሰባት ዙር አለው። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ቡድን በየዙሩ መጀመሪያ ይመርጣል፤ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ላይ ይመርጣል። ተጫዋቹ የሚሄድበትን ቡድን አይመርጥም። የተመረጠ ተጫዋች በአብዛኛው የአራት ዓመት ውል ይፈርማል፤ በመጀመሪያው ዙር የተመረጠውን ደግሞ ቡድኑ ከፈለገ ለአምስተኛ ዓመት ማቆየት ይችላል። ከ2011 ወዲህ የአዲሶቹ ደመወዝ በተመረጡበት ተራ ልክ አስቀድሞ የተወሰነ ነው።

ንዴቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቡድኖች ለተጫዋቾች የሚያወጡት ጠቅላላ ደመወዝ ጣሪያ ስላለው፣ ጥሩ ተጫዋች በርካሽ የሚገኝበት ዋነኛው መንገድ ድራፍት ነው። እንግሊዝ አገር አንድ ሀብታም ክለብ በዝውውር ቢሳሳት በሚቀጥለው ክረምት በገንዘብ ያርመዋል። እዚህ ግን የባከነ የመጀመሪያ ዙር ተራ በገንዘብ አይመለስም፤ ጉድለቱ ለሦስትና ለአራት ዓመት ይከተላል።

ጥያቄ፦ በእርስዎ አስተያየት የቡድናችን ከሁሉ የከፋው ምርጫ የትኛው ነው?

አንድ ሰው ነጥዬ አልጠራም፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከ2020 እስከ 2023 የተደረጉት አራት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች ናቸው። ቼዝ ያንግ፣ ጃሚን ዴቪስ፣ ጃሃን ዶትሰንና ኢማኑኤል ፎርብስ በተከታታይ ተመረጡ፤ የ2024 ኅዳር ወር ሲያልቅ ከአራቱ አንድም ሰው ቡድኑ ውስጥ አልነበረም። ሁለቱ ለሌላ ቡድን ተሰጡ፣ ሁለቱ ተሰናበቱ። አንድ ቡድን አራት ዓመት ሙሉ ከዋናው ማሳው ምንም ሳያጭድ እንዴት ይቆማል?

በመጀመሪያ ያንግን እንመልከት። በ2020 በሁለተኛ ተራ ሲመረጥ ብዙዎች ከዚያ ዓመት ተጫዋቾች ሁሉ የላቀ ተከላካይ እንደሆነ ያምኑ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመቱም የሊጉ ምርጥ አዲስ ተከላካይ ተብሏል። በ2021 ጉልበቱ ላይ ከባድ ጉዳት መድረሱም የእሱ ጥፋት አይደለም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ቡድኑ በ2017 ጆናታን አለንን፣ በ2018 ዳሮን ፔይንን፣ በ2019 ሞንቴዝ ስዌትን በመጀመሪያ ዙር የወሰደው ለዚያው ለፊት መስመር መከላከያ ነበር። ያንግ በአራት ዓመት ውስጥ ለአንድ መስመር የተመረጠ አራተኛ ሰው ሆነ። ቡድኑ ዓመት እየመጣ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራና ኳሱን የሚወረውር ተጫዋች) ሲቀያይር ነበር፤ በዚያው ድራፍት ግን ኳርተርባኩ ጀስቲን ኸርበርት በስድስተኛ ተራ ወደ ሎስ አንጀለስ ቻርጀርስ ሄደ። በመጨረሻም ጥቅምት 31 ቀን 2023 ያንግና ስዌት በአንድ ቀን በድራፍት ተራ ተለውጠው ለሌሎች ቡድኖች ተሰጡ፤ ለያንግ የተገኘው አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ብቻ ነበር።

ዴቪስ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ በቋሚነት የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በሩጫውና በዝላዩ ተማርከው በ19ኛ ተራ ወሰዱት። ዶትሰን በ2022 ሲመረጥ ቡድኑ ከ11ኛ ወደ 16ኛ ተራ ወርዶ ነበር፤ መውረዱን አልነቅፍም፣ በልውውጡ ከተገኘው ተራ ብሪያን ሮቢንሰንን የመሰለ ጠንካራ ሯጭ (ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች) ተገኝቷልና። ሆኖም በመካከሉ በ14ኛ ተራ ባልቲሞር የወሰደው ካይል ሃሚልተን ከሊጉ ምርጥ ተከላካዮች አንዱ ሆኗል። ባልቲሞር ደግሞ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ የማይርቀን ጎረቤታችን ስለሆነ፣ ጸጸቱን በየሳምንቱ በዐይናችን እናየዋለን።

የፎርብስ ነገር ከሁሉም ይብሳል። ኮርነርባክ (የተጋጣሚን ኳስ ተቀባዮች የሚሸፍን ተከላካይ) ሆኖ በኮሌጅ የተጋጣሚን ኳስ ነጥቆ ስድስት ጊዜ ነጥብ በማስቆጠር ክብረ ወሰን ይዟል። ክብደቱ ግን 166 ፓውንድ፣ ማለትም 75 ኪሎ ገደማ ነበር፤ እንደ ኤ. ጄ. ብራውን ባሉ ግዙፍ ኳስ ተቀባዮች ፊት ይቆማል ተብሎ የተመረጠው ልጅ በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ከቋሚነት ተነሣ። ከእሱ ወዲያው ቀጥሎ በ17ኛ ተራ ኒው ኢንግላንድ ለዚያው ቦታ የመረጠው ክርስቲያን ጎንዛሌዝ ደግሞ በ2024 ከሊጉ ምርጦች ተርታ ገብቷል። አንዱ ተራ ለሌላው እንዲህ ቅርብ ሆኖ ውጤቱ ይህን ያህል ሲራራቅ፣ ደጋፊ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ ስለ ሮበርት ግሪፊን ምን ይላሉ? በ2012 ሁላችንም ደስ ብሎን አልነበረም ወይ?

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልክድም። ወጣቱ ኳርተርባክ በመጀመሪያ ዓመቱ ቡድኑን 10 ጨዋታ አሸንፎ በምድቡ አንደኛ እንዲሆን አድርጎታል፤ ምድቡን ካሸነፍን 13 ዓመት አልፎ ነበር። ነገር ግን ዋጋውን እናስታውስ። በሁለተኛ ተራ እሱን ለመምረጥ ራምስ ለተባለው ቡድን የተሰጡት የ2012፣ የ2013ና የ2014 የመጀመሪያ ዙር ተራዎች፣ ከዚያም በላይ የ2012 ሁለተኛ ዙር ተራ ናቸው። በአንድ ወጣት ጉልበት ላይ የሦስት ዓመት ዘር ተዘራ ማለት ነው። ያ ጉልበት በታኅሣሥ ተጎድቶ ሳለ በጥር 2013 ከሲያትል ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሜዳ ላይ እንዲቆይ ተደረገ፤ እዚያው ተበጠሰ፣ ግሪፊንም ከዚያ በኋላ የቀድሞው ግሪፊን አልሆነም።

በታኅሣሥ 2014 ራምስ ሜሪላንድ መጥተው ሲጫወቱ፣ ለሳንቲም መጣያው በአምበልነት የላኳቸው ከዚያ ልውውጥ ያገኟቸውን ስድስት ተጫዋቾች ነበር። ጨዋታውንም 24 ለ0 አሸነፉ። ከዚህ የበለጠ ያሳፈረኝ የሜዳ ትዕይንት አላስታውስም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ገጽታ ነው። በዚያው ድራፍት ሲያትል ራስል ዊልሰንን በ75ኛ ተራ አገኘ፤ የእኛው ቡድን ራሱ ከርክ ከዘንስን በአራተኛው ዙር በ102ኛ ተራ መርጦ ነበር። ከዘንስ በኋላ የግሪፊንን ቦታ ወሰደ። እሱንም በረጅም ውል ሳያስሩት ሁለት ዓመት በአንድ ዓመት ውል አቆይተው በ2018 በነጻ ወደ ሚኒሶታ ሄደ። ማለትም መልካም ዕድል በእጃቸው ሲገባ እንኳ አልያዙትም።

ጥያቄ፦ ድራፍት ዕጣ ነው ይባላል። ዕጣ ከሆነ መራጮቹን ለምን ይወቅሳሉ?

ዕጣ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ወቀሳዬም ከዚያው ይነሣል። ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ምሁራን ድራፍቱን አጥንተው፣ ቡድኖች በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ላይ ከሚገባው በላይ ዋጋ እንደሚሰጡና በራሳቸው የመለየት ችሎታም ከመጠን በላይ እንደሚተማመኑ አሳይተዋል። ማንም ሰው የቱ ልጅ እንደሚሳካለት በእርግጠኝነት የማያውቅ ከሆነ፣ ብልህ ሰው ብዙ ዕጣ ይይዛል እንጂ ሦስት ዕጣ ሰጥቶ አንድ አይገዛም። የእኔ ቅሬታ በተሳሳተው ስም ላይ ሳይሆን በዚህ አሠራር ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጥፋቱ ሁሉ የቀድሞው ባለቤት የዳን ስናይደር ነው ማለት ይቻላል?

አይቻልም። ስናይደር ከ1999 እስከ 2023 በባለቤትነት ሲቆዩ ትዕግሥት አልነበረም፤ አሠልጣኝና ሥራ አስኪያጅ ቶሎ ቶሎ ይቀያየር ስለነበር አንዱ የመረጠውን ልጅ ሌላው አይፈልገውም ነበር። ነገር ግን ሂት ሹለር በ1994 በሦስተኛ ተራ ሲመረጥና በዚያው ዓመት በሰባተኛው ዙር የመጣው ገስ ፍሬሮት ቦታውን ሲወስድበት፣ ስናይደር ገና አልመጡም። በእሳቸው ዘመንም በ2000 ላቫር አሪንግተንና ክሪስ ሳሙኤልስ፣ በ2004 ነፍሱን ይማረውና ሾን ቴይለር፣ በ2010 ትሬንት ዊሊያምስ ተመርጠዋል። እነዚህ በማንም ቡድን የሚያኮሩ ምርጫዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ በድሉ ዘመን ድራፍቱ እንዴት ነበር?

ይህን ጥያቄ በደስታ እመልሳለሁ። ቡድኑ በጆ ጊብስ አሠልጣኝነት በ1982፣ በ1987ና በ1991 የውድድር ዘመን ሦስት ሱፐር ቦውል ሲያሸንፍ፣ የመጀመሪያ ዙር ተራ የተጠቀመው ከስንት አንዴ ነው። ከ1969 እስከ 1979 ድረስ በመጀመሪያ ዙር አንድም ሰው አልመረጠም፤ ከ1984 እስከ 1990ም እንዲሁ። በመካከሉ የተመረጡት ሦስት ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነሱ አርት መንክና ዳረል ግሪን የዝና አዳራሽ (የጨዋታው ታላላቆች የሚከበሩበት ስፍራ) ገብተዋል።

ሥራ አስኪያጁ ቦቢ ቤታርድ ከፍተኛውን ተራ እየሰጡ በምትኩ ብዙ ዝቅተኛ ተራዎች ይሰበስቡ ነበር። የ1981ን ድራፍት ብቻ ብንመለከት፣ ራስ ግሪም በሦስተኛው ዙር፣ ዴክስተር ማንሊ በአምስተኛው፣ ቻርሊ ብራውን በስምንተኛው፣ ክሊንት ዲዲየር በአሥራ ሁለተኛው ዙር ተገኝተዋል፤ ያን ጊዜ ዙሩ አሥራ ሁለት ነበር። ጆ ጃኮቢ ጭራሽ ሳይመረጥ ቀርቶ ነው የመጣው፤ ያም ሆኖ «ሆግስ» ተብሎ ለታወቀው የማጥቃት የፊት መስመር ምሰሶ ሆኗል። በመጨረሻው ድል የጨዋታው ኮከብ የተባለው ኳርተርባክ ማርክ ሪፒን ደግሞ የስድስተኛ ዙር ሰው ነው። እነዚያ መራጮች ሰው የማይሄድበት ትንሽ ኮሌጅ ድረስ ሄደው ያዩ ነበር፤ ያገኙትንም ልጅ ታግሠው የሚያሠለጥኑ ሰዎች ነበሩ።

ጥያቄ፦ ይህ ቡድን ጥቁር ተጫዋች በመያዝ ከሊጉ የመጨረሻው ነበር የሚባለው እውነት ነው? ከድራፍት ጋርስ ይያያዛል?

እውነት ነው፤ በቀጥታም ይያያዛል። የያኔው ባለቤት ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል እስከ 1961 ድረስ አንድም ጥቁር ተጫዋች አላስገቡም ነበር። አዲሱ ስታዲየም የተሠራው በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ ስለነበር፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስቱዋርት ዩዳል አድሎው ካልቆመ ስታዲየሙን እንደሚከለክሏቸው አስጠነቀቁ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ በተደረገው ድራፍት ዋሽንግተን በአንደኛ ተራ ኧርኒ ዴቪስን መረጠ፤ ወዲያውም ወደ ክሊቭላንድ አዛውሮ ቦቢ ሚቸልን አመጣ። ዴቪስ የደም ካንሰር ይዞት አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይጫወት በ1963 ዐረፈ፤ ሚቸል ደግሞ የዝና አዳራሽ ገባ። በጭፍን ጥላቻ ምክንያት ለዓመታት የተዘለሉትን ተጫዋቾች ሳስብ፣ የቡድኑ የድራፍት በደል ከሁሉ የከበደው ያኛው እንደነበር ይሰማኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ እዚህ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ጄይደን ዳንኤልስ ከመጣ በኋላም ይናደዳሉ?

አይ ልጄ፣ በ2024 አልተናደድኩም። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አዳም ፒተርስ ዳንኤልስን በሁለተኛ ተራ ሲመርጥ የራሱን ተራ ነው የተጠቀመው፤ የነገን አልሸጠም። ቡድኑ 12 ጨዋታ አሸንፎ ከ1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሱፐር ቦውል ማለፊያው ጨዋታ ደረሰ፤ በፊላደልፊያ 55 ለ23 ብንሸነፍም ያን ክረምት በደስታ ነው ያሳለፍኩት።

ሥጋቴ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ማርሾን ላቲሞርን ለማምጣት የ2025 ሦስተኛና አራተኛ ዙር ተራዎች፣ ላረሚ ተንስልን ለማምጣት ደግሞ የ2026ን ሁለተኛ ዙር ጨምሮ ሌሎች ተራዎች ተሰጡ። በ2025 ድራፍት ቡድኑ አምስት ሰው ብቻ መረጠ። ዳንኤልስ በዚያ ዓመት በጉዳት ብዙ ጨዋታ ሲያመልጠው ሌላ የሚደገፉበት ወጣት ማነሱ ወዲያው ታየ። ከአምስቱ ውስጥ በሰባተኛው ዙር በ245ኛ ተራ የተገኘው ጃኮሪ ክሮስኪ ሜሪት የቡድኑ ዋና ሯጭ ለመሆን በቅቷል፤ እንደ እሱ ያለ ልጅ ሊገኝባቸው የሚችሉ ተራዎች ናቸው በልውውጥ የሄዱት። አንተ ዕድሜህ ገና ነው፤ እኔ ግን በሚቀጥለው ሚያዝያ የምጠብቀው በስም የታወቀ ኮከብ አይደለም፣ ቡድኑ የራሱን ተራዎች ይዞ እንዲቀመጥ ብቻ ነው።