መልስ፦ መጨረሻው እየታወቀ ተመልካች ለምን ልቡ ይሰቀላል?

እህቴ፣ ድሬዳዋ ላይ ከትምህርት ቤት የቲያትር ክበባችሁ ጋር ስለምታዘጋጁት የጥንቱ ግሪካዊ ደራሲ የሶፎክለስ ቲያትር፣ ስለ «ኤዲፐስ ንጉሥ» ጠይቀሻል። ሰው መጨረሻውን ካወቀ ምኑ ያጓጓዋል ነው ያልሽው።

አቦ፣ ጉጉቱ የሚመጣው እኮ ከማወቁ ነው! የሶፎክለስ ተመልካቾች ኤዲፐስ አባቱን ገድሎ እናቱን እንዳገባ ከተረቱ ያውቁ ነበር። እሱ ግን አያውቅም። የቀድሞውን ንጉሥ፣ ማለትም የአባቱን፣ ገዳይ በአደባባይ ሲረግም፣ እርግማኑ በራሱ ላይ እንደሚወርድ እያየን ዝም እንላለን። ጥያቄያችን «ምን ይሆናል?» መሆኑ ይቀርና «መቼ ይገባዋል?» ይሆናል። የሼክስፒር «ኦቴሎ»ም እንዲሁ ነው፤ የኦቴሎ የበታች የሆነው ኢያጎ በእሱ ላይ የሚሸርበውን ተንኮል አስቀድሞ ለእኛ ይነግረናል።

ደራሲው ደግሞ እውነቱን በአንዴ አይዘረግፈውም። ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ኤዲፐስን «እናቴን አገባ ይሆን» ከሚል ስጋት ሊገላግለው ብሎ፣ ያሳደጉት ሰዎች እንዳልወለዱት ይነግረዋል። የምሥራቹ መርዶ ሆኖ አረፈው። ሚስቱም እናቱም የሆነችው ዮካስታ ቀድማ ይገባታል። «ይቅርብህ፣ አትመርምር» ብላ ትለምነዋለች። እሱ ግን በሕፃንነቱ ለመልእክተኛው አሳልፎ የሰጠውን እረኛ ያስጠራል።

ለእኔ ከቲያትሩ ሁሉ የሚያስጨንቀው እዚህ ጋ ነው። እሷ አውቃለች፣ እሱ ገና ነው። ዮካስታን የምትጫወተው ልጅ እባክሽ አትቸኩል። መልእክተኛው ሲያወራ ዝም ብላ ትቁም፤ ተመልካቹ ፊቷን ይይ። የድሬ ሰው ስሜቱን አይደብቅም፣ «ተው እንጂ!» ሲል ትሰሚዋለሽ።

በመጨረሻ ኤዲፐስ እውነቱን አውቆ የገዛ ዓይኑን ሲያጠፋ ግን መድረክ ላይ አታሳዩ። ሶፎክለስም አላሳየም፤ ከቤተ መንግሥቱ የወጣ ሰው ነው የሚተርከው።