ጉድጓዱ ደከመ ከመባሉ በፊት ዲፕ ሜትር (የውሃውን ጥልቀት መለኪያ) ይውረድበት

ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው፤ ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው ከተማችሁ ያለው ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር በሰከንድ 6 ሊትር ይሰጥ ነበር፣ አሁን ከ3 ሊትር አላልፍ ብሏል፣ ተቋራጩም ሌላ እንዲቆፈር መክሯል። እኔ በበኩሌ ገና አትቆፍሩ እላለሁ።

እንዲህ ያልኩት ከላኩልን ቁጥሮች ተነስቼ ነው። የቁፋሮውን ማጠናቀቂያ ሪፖርት ጠብቃችሁ ማቆየታችሁ ያስመሰግናችኋል፤ በሄድኩበት ሁሉ ሪፖርቱን ስጠይቅ ትከሻ የሚሰብቅ ይበዛል። ያኔ ፓምፑ ቆሞ ሳለ ውሃው 38 ሜትር ላይ ነበር፤ 6 ሊትር ሲሳብ ወደ 50 ሜትር ወረደ። ይህም በወረደው በእያንዳንዱ ሜትር ግማሽ ሊትር ማለት ነው። ዛሬ ቆሞ 39.5፣ 3 ሊትር ሲሳብ ደግሞ 57.5 ሜትር ሆኗል። በአንድ ሜትር የሚገኘው 0.17 ሊትር ገደማ ነው፤ ጉድጓዱ ከቀድሞ አቅሙ የቀረው አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ግን የወረደው ሜትር ተኩል ነው፤ ስለዚህ ውሃው በቦታው አለ። ፓምፑ ብቻ አርጅቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ትንሽ ስለሚስብ ውሃው ይህን ያህል አይወርድም ነበር። የቀረው ተጠርጣሪ ስክሪኑ፣ ማለትም ውሃው ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ነው።

በአካባቢያችሁ ያለው ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የተጋገረውን ቅርፊት እዩት። ውሃው ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ግፊቱ ይቀንሳል፣ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ካልሲየም ካርቦኔቱም በስክሪኑ ቀዳዳዎችና በዙሪያው ባለው ጠጠር ላይ ይጋገራል። ውሃው በኃይል በተሳበ ቁጥር ደግሞ ይህ ይፋጠናል። ስለዚህ ለጥያቄዎ «ትልቅ ፓምፕ ግዙ» ብለው አስተያየት የሰጡት ወንድማችን ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምክራቸው የስክሪኑን መደፈን ያባብሰዋል።

ፓምፑ ይውጣ፤ ውሃው እስኪጠራ ጥቂት ቀን ይቆይና ካሜራ ይውረድ። ስክሪኑ ተበልቶ አሸዋ የሚያስገባ ከሆነ አሲድ አታስቡ፤ ጉድጓዱ ሊደረመስ ይችላል፣ ያኔ ተቋራጩ እውነቱን ነው። ጤነኛ ከሆነ ግን በብሩሽ ይታሸት፣ በኮምፕሬሰር አየር ቆሻሻው ይውጣ፣ ከዚያ አሲድ ከላይ ሳይደፋ በቧንቧ እስከ ስክሪኑ ድረስ ይውረድ። ሰልፋሚክ አሲድ ለብረት ከሃይድሮክሎሪክ ይሻላል። አሲዱ ውስጥ ሳለ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ካልተመላለሰበት ጠጠሩ ውስጥ አይገባም፤ ብዙ ሥራ የሚከሽፈው ይህ በመዘለሉ ነው።

በሁለት ነገር ላይ እለምናችኋለሁ። አሲድ ከኖራ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለ ቦታ ይተኛል፣ ሰውም ይገድላል። የፓምፕ ቤቱ በር ይከፈት፣ ወደ ማንሆል ማንም አይግባ። ሁለተኛ፣ አሲዱ ተስቦ ወጥቶ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መጠኑ) ወደ ቀድሞው ሳይመለስ ጀርም መግደያው ክሎሪን አይጨመር፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ይሆናሉ። የወጣውም አሲድ፣ አሲድነቱ በኖራ ሳይጠፋ ወደ ወንዝ አይለቀቅ። ክሎሪኑ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ያህል ሆኖ ቢያንስ 12 ሰዓት ይቆይ፣ ይታጠብ፣ ላቦራቶሪ ሳይፈቅድም ለሕዝብ አይሰጥ።

ጉድጓዱን ማጥለቅ የሚሉም አሉ። ኬዚንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው ቧንቧ) በገባበት ጉድጓድ ይህ ቀላል አይደለም። በተለይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ላላችሁ ደግሞ፣ አዲስ የተነካው ንብርብር ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ ሊሆን ይችላል።

ከታደሰ በኋላ 6 ሊትር አትጠይቁት፤ በ4 ወይም በ4.5 ሊትር ረዘም ላለ ሰዓት ሳቡ። በየወሩ በዲፕ ሜትር ለኩ፤ በሜትር የሚሰጠው ሩብ ያህል ሲቀንስ ቅርፊቱ ሳይጠነክር እንደገና ይጽዳ። ካሜራው ሲወርድ ስክሪኑ ከምን እንደተሠራ ይጻፉልን፤ የአሲዱን መጠን ያኔ አብረን እናሰላለን።